ለክለቡ የምናስገባው የጋራ ፕሮፖዛል፦ በ22 ካሊበር ሽጉጥ የሚጀምር የብረት ዒላማ ስኳድ

ጸሐፊ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቨርጂንያ ላለው ክለብ የምናስገባውን ፕሮፖዛል እዚሁ እንቅረጸው ብለን ነበር የተለያየነው፣ እኔ መነሻውን ላስቀምጥ እናንተ ቀንሱ ጨምሩ። የምንጠይቀው በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከ8 እስከ 10 ሰው የሚይዝ የጀማሪ ስኳድ ነው፣ በምትኩ ብረቱን በማቆም፣ በመቀባትና በማንሳት ጉልበት እናዋጣለን። እሁድ ያላልኩት ቅዳሴ ስላለ ነው። ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር 9፡00 ብለን እንጻፈው፣ ሶስት ሰዓት ካልን ግማሹ ሰው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።

ውድድሩ ስቲል ቻሌንጅ ይሁን ነው የምለው፣ እሱም በ22። ተኳሹ ቆሞ አምስት ብረት ይመታል፣ አምስተኛው ሰዓት ማቆሚያው ነው እሱ መጨረሻ ይመታል፣ ይሄን አምስት ጊዜ ይደግማል፣ በጣም የዘገየው ዙር ይጣልለትና የአራቱ ሰዓት ይደመራል። የሳተው ብረት 3 ሰከንድ ያስጨምርበታል። ዋናው ሕግ ይሄው ነው፣ አንድ ሰው በአስር ደቂቃ ይረዳዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በ22 ሽጉጥ የሚወዳደር ሰው ከሆልስተር፣ ከወገቡ የሽጉጥ ማህደር ማለቴ ነው፣ አይመዝም፣ በእጁ ይዞ አፈሙዙን ፊት ለፊቱ ወዳለው ምልክት ዝቅ አድርጎ ነው የሚጀምረው። ጀማሪ ሲመዝና ሲመልስ ጣቱ ቃታ ላይ እንዳይቀር ነው የሁላችን ፍርሃት፣ እሱን ጭንቀት ከመጀመሪያው ዓመት ላይ አነሳንለት ማለት ነው።

ወጣቱ አባል፦
ወንድሜ ሀሳብህ ጥሩ ነው ግን እኔ አልተስማማሁም። ብዙዎቻችን 9 ሚሊሜትር አለን እኮ፣ ሬድ ዶት (ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ) ያለውም ብዙ ነው፣ ለምን ዩኤስፒኤስኤ የሚባለው እየተንቀሳቀሱ የሚተኮስበት ውድድር ውስጥ፣ ካሪ ኦፕቲክስ ምድብ አንገባም? እዛ እኮ ነጥብህ ለሰዓትህ ይካፈላል፣ ትሮጣለህ የጥይት ካዝና ትቀይራለህ እያንዳንዱ ስቴጅ (የዒላማ አደራደር) የራሱ ሂሳብ አለው፣ ሰው የሚማረው እዛ ነው። ጥይት ተወደደ ካላችሁ ደግሞ እኔ መፍትሄ አለኝ፣ እንደ እቁብ በየወሩ እናዋጣና አንድ ዲሎን የሚባለውን የጥይት መስሪያ ማሽን እንግዛ፣ ቀለሁን ከሬንጁ እንለቅማለን፣ ባሩድና ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው) በጅምላ እናመጣለን፣ እኔ ቤዝመንቴ ውስጥ አስቀምጬ እሰራዋለሁ፣ አባል እንደፈለገው በወጪው ዋጋ ይወስዳል ትንሽ ደግሞ ለማህበሩ ካዝና ትገባለች። ይሄን ፕሮፖዛሉ ውስጥ አስገቡልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ወንድሜ ልፋትህን አከብራለሁ፣ ይሄ ግን ፕሮፖዛል ውስጥ ቢገባ ክለቡ ገና ሁለተኛውን ገጽ ሳያይ ነው የሚመልስልን። ለራስህ ጥይት መስራት ምንም ፈቃድ አይጠይቅህም፣ ሰርተህ መሸጥ ከጀመርክ ግን የፌደራል ማኑፋክቸረር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ታይፕ 06 የሚባለው። ወጪ ብቻ ነው የምንቀበለው ብንልም ለማህበሩ ካዝና ትገባለች ካልክ ንግድ ነው፣ እኔ በዚህ ሂሳብ ላይ ፊርማዬን አላስቀምጥም። ደግሞ የሰራኸው ጥይት አንድ ሰው እጅ ላይ ቢፈነዳ ማን ነው የሚጠየቀው? አንተ ነህ፣ ከዛ ማህበሩ ነው።

ሂሳቡንም እንየው ካልክ፣ ማሽኑ ከነሙሉ እቃው 1,000 ዶላር ይፍጅ እንበልና በአንድ ጥይት 10 ሳንቲም እናተርፍ እንበል፣ ማሽኑ ወጪውን የሚመልሰው 10,000 ጥይት ከሰራን በኋላ ነው። ጀማሪ ስኳድ ይሄን መቼ ነው የሚተኩሰው? በብዙ የሚተኩስ ሰው ለብቻው ገዝቶ ለራሱ ቢሰራ ያዋጣዋል፣ እንደ ማህበር ግን አያዋጣንም። በጅምላ ፋብሪካ ጥይት አብረን ማዘዝ እንችላለን፣ በሱ እስማማለሁ፣ እያንዳንዱ የራሱን ከፍሎ የራሱን ሳጥን ይወስዳል።

አርኦ (የተኩስ ደህንነት ተቆጣጣሪ) የሆኑት ጋሼ፦
ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። ልጁ ለጥይት መስራት ያለውን ፍቅር እረዳለሁ፣ እኔም ስሰራ ዓመታት አልፈዋል፣ ግን ለጀማሪ ለምን እንደማይሆን በደንብ ላስረዳችሁ ምክንያቱም ፈቃድ ብቻ አይደለም ችግሩ።

የተተኮሰ ቀለህ ይሰፋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌው ፕራይመር ይወጣለታል ወደ ልኩም ይመለሳል፣ ከዛ አዲስ ፕራይመር፣ ከዛ አፉ ትንሽ ከፈት ይደረጋል ባሩድ ይገባል እርሳሱ፣ ተወርውሮ የሚወጣው ጫፍ፣ ይቀመጣል በመጨረሻ አፉ ይጠበቃል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ማሽኑ ላይ ግን በየእጀታው ምት አራት አምስት ቀለህ በአንዴ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ስልክ ጠራህ ዞር አልክ እንበል፣ አንዱ ቀለህ ባሩድ ሳይገባበት ያልፋል ወይ ሁለቴ ይገባበታል። 9 ሚሊሜትር ላይ ብዙ ጊዜ የምንጠቀምባቸው ፈጣን ባሩዶች ቀለሁን ግማሹን እንኳ ስለማይሞሉት ሁለቴ ቢገባም አይፈስም፣ ዓይን ካላየው አይታወቅም። ባሩድ ያልገባበት ደግሞ በፕራይመሩ ጉልበት ብቻ እርሳሱን ገፍቶ በርሜል መሃል ይተወዋል፣ ድምጹ ታፍኖ ፍስስ ይላል፣ ልምድ ያለው ሰው ይቆማል፣ ሰዓት እየሮጠበት ብረት የሚያሳድድ ጀማሪ ግን አይቆምም ቀጣዩን ይለቀዋል። በዛ በርሜሉ ያብጣል ወይ ይሰነጠቃል፣ ጎን የቆመው አርኦም እኔ ነኝ።

ስለዚህ የኔ ሀሳብ የመጀመሪያው ዓመት ላይ የፋብሪካ ጥይት ብቻ። ከዛ በኋላ ለራሱ መስራት የሚፈልግ ይስራ፣ ግን የታተመ ማኑዋል ላይ ካለው መነሻ መጠን ይጀምር፣ ከጓደኛ የተወራ ወይ ዩቲዩብ ላይ የታየ መጠን አይጠቀም፣ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት ይፈትሽ፣ ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ባሩድ ብቻ ይኑር፣ እያንዳንዱን ጥይት በኬዝ ጌጅ (በልክ መፈተሻ) ይለካ። የሰራውን ለሌላ ሰው አይስጥ፣ በነጻም ቢሆን። ማስቀመጫውም ጉዳይ ነው፣ ባሩድ በራሱ በመጣበት እቃ ውስጥ ነው መቀመጥ ያለበት፣ በእሳት አደጋ መከላከያ ስታንዳርዱ መኖሪያ ቤት ውስጥ በዛ እቃ ብቻ ሊቀመጥ የሚችለው እስከ 20 ፓውንድ ነው፣ ፕራይመር እስከ 10,000። አካባቢው ከዚህ ሊያጠብቀው ይችላል፣ አፓርታማ የምትኖሩ ደግሞ ውላችሁን እዩ። ለዚህ ነው የማህበሩን ባሩድ በአንድ ሰው ቤዝመንት ማከማቸት የማልቀበለው።

ስለ ዩኤስፒኤስኤም አንድ ነገር። እዛ የጥይትህ ጉልበት ይለካል፣ የእርሳሱ ክብደት በግሬን (የክብደት መለኪያ) በፍጥነቱ ተባዝቶ ለ1,000 ይካፈላል፣ ማይነር፣ ማለትም ዝቅተኛው የጉልበት ደረጃ፣ ለመባል 125 መድረስ አለበት። 124 ግሬን በ1,050 ጫማ በሰከንድ ቢወጣ 130.2 ይሆናል፣ በቂ ነው። ስቲል ቻሌንጅ ላይ ይሄ ሁሉ የለም፣ ብረቱ ከተመታ ተመታ። ከዛ ደግሞ ዩኤስፒኤስኤ ላይ እየሮጥክ ካዝና ስትቀይር አፈሙዝህ ከ180 ዲግሪው መስመር ወደኋላ ካለፈ በዛው ቀን ትባረራለህ፣ ክርክር የለውም። ልጄ ሩጫው ይደርሳል፣ መጀመሪያ ቆመው ይተኩሱ።

ወጣቱ አባል፦
እሺ ጋሼ፣ የማሽኑን ነገር አውጡት። ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ ወደ ዩኤስፒኤስኤ የሚያሳድግ መንገድ ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፍልኝ፣ ያለበለዚያ ብዙ ወጣት አይመጣም።

ጸሐፊ፦
ይጻፋል፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጋሼ ቢያንስ አራት ወር ያለ ምንም የደህንነት ስህተት የጨረሰ ሰው ወደ ሆልስተር ይሻገር ብለን ብንጽፍስ?

አርኦ የሆኑት ጋሼ፦
አራት ወር ጥሩ ነው፣ ግን የሚያሻግረው የክለቡ አርኦ እንጂ እኛ አንሁን። ዝምድና ይገባበታል።

ነርሷ፦
እኔ ስለ እርሳስ ነው የምናገረው፣ ማለትም ስለ ሊድ መመረዝ፣ ማንም አላነሳውም። ብረት ሲመታ እርሳሱ ይደቃል ይረጫል፣ ለዚህ ነው መነጽር ለተኳሹ ብቻ ሳይሆን ኋላ ለቆመ ለሚያየውም ሰው ግዴታ የሚሆነው። ዱቄቱና የፕራይመሩ ጭስ ግን በእጅ በልብስ ነው የሚሄደው። የኛ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ቆሎ ዳቦ ቆሎ ተይዞ ይመጣል፣ በተኮሰበት እጅ ይዘገናል። እባካችሁ ይሄን ሕግ አድርጉልኝ፣ ተኩስ መስመሩ አካባቢ ምግብ የለም፣ እጅ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ሳይታጠብ ቆሎ የለም፣ ሳኒታይዘር እርሳስ አያጠፋም። ቀለህ የሚለቅም ሰው ባርኔጣው ውስጥ አይሰብስብ፣ ቤት ሲገባ ልብሱን ለብቻ ይጠብ፣ ትንሽ ልጅ ከማቀፉ በፊት ማለቴ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች እህት ጸሐፊነትና ሬጅስትሬሽን ላይ ታግዘን መተኮሱ ግን ይቆይላት፣ ሐኪሟን ትጠይቅ። በብዛት የሚተኩስና ጥይት የሚሰራ ሰው በዓመት አንዴ የደም እርሳስ ምርመራ ቢያደርግ ደግሞ ደስ ይለኛል።

የሜሪላንድ አባል፦
ከሲልቨር ስፕሪንግ የምንመጣው ብዙ ነን፣ እኛን የሚመለከት አንቀጽ ይግባ። ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ለመግዛት ኤችኪውኤል የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ 22ም ቢሆን ሽጉጥ ሽጉጥ ነው፣ የጣት አሻራና ስልጠና ስላለው ጊዜ ይወስዳል፣ ሰው ለውድድር ሳምንት ሲቀረው ልግዛ እንዳይል አሁኑኑ ይነገረው። መንገድ ላይ ደግሞ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በተቆለፈ ሳጥን በመኪናው የኋላ እቃ መጫኛ ውስጥ፣ ጥይቱ ለብቻ። ሜሪላንድን ከቨርጂንያ የሚያገናኘውን የዊልሰን ድልድይ የምታቋርጡ ደግሞ እወቁ፣ ድልድዩ ላይ በጣም አጭር ቦታ የዲሲ ግዛት ነው፣ ዲሲ ላይ ጥይት ብቻውን እንኳ ያስጠይቃል፣ ስለዚህ ሽጉጥ ይዛችሁ ዲሲ ገብታችሁ ቡና ልጠጣ ዘመድ ልይ አትበሉ፣ ከቤት ሬንጅ ከሬንጅ ቤት። የጥይት ካዝናን በሚመለከት 10 ጥይት የሚይዝ ይበቃናል፣ ለአንድ ዙር አምስት ብረት ነውና።

ሌላ አባል፦
አንድ የሚከብድ ነገር ላንሳ፣ ካልተነገረ ሰው ይጎዳል። ከሀገር ቤት በቱሪስት ወይ በተማሪ ቪዛ የመጡ ዘመዶቻችን አሉ፣ እስቲ አንዴ ልሞክር ማለታቸው አይቀርም። በፌደራል ሕግ ኖንኢሚግራንት ቪዛ ይዞ የገባ ሰው ሽጉጥም ጥይትም መያዝ አይችልም፣ ሬንጅ ላይ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን መያዝ ነው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ የተወሰኑ መውጫዎች አሉት ግን እሱን ጠበቃ ይናገር። ወረቀት የሌለውም እንደዚሁ አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። ለሰጠውም ሰው ጣጣ አለው። ጫት ደግሞ፣ እንነጋገረው፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ሼጁል 1፣ ማለትም በጣም ጥብቅ ከሆነው የተከለከለ ዕጽ ምድብ፣ ነው፣ ሽጉጥ ስትገዙ የምትሞሉት 4473 ፎርም ስለ አደንዛዥ ዕጽ ተጠቃሚነት ይጠይቃል፣ የሚቅም ሰው እዛ ላይ አይደለሁም ብሎ ቢፈርም ዋሽቶ መፈረም ነው፣ ዋሽቶ መፈረም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ማንንም ለማሳፈር አይደለም የማወራው፣ ዜግነት የሚጠብቅ ወንድም በዚህ ምክንያት ሁሉን እንዳያጣ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ተባረክ። ግን ማህበሩ የማንንም የኢሚግሬሽን ወረቀት አይሰብስብ፣ ኮፒም አይያዝ። ሕጉን በአማርኛ ጽፈን እንስጥ፣ ሰው ራሱን አይቶ ይፈርም፣ የተጠራጠረ ጠበቃውን ይጠይቅ።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ ያላችሁትን ሰብስቤ እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ ወደ እንግሊዝኛ ከመመለሴ በፊት እዩልኝ።

«እኛ በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የዒላማ ተኩስ ወዳጆች ነን። በወር አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 9፡00 ጀምሮ እስከ 10 ሰው የሚይዝ የጀማሪ ስኳድ እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ዓመት በ22 ካሊበር ሽጉጥ፣ አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ ከመያዝ ተነስቶ፣ በፋብሪካ ጥይት ብቻ ይሆናል። በአንድ ቀን አራት ስቴጅ፣ ስሞክ ኤንድ ሆፕ፣ ራውንዳባውት፣ ፋይቭ ቱ ጎ እና አክሰለሬተር፣ ይኸውም ለአንድ ተኳሽ በትንሹ 100 ጥይት። አውተር ሊሚትስ የሚባለው ስቴጅ እንቅስቃሴ ስላለው ለጊዜው ይቆይልን። እያንዳንዱ አዲስ ሰው ከመተኮሱ በፊት ከክለቡ አርኦ ጋር የደህንነት ትምህርት ይወስዳል፣ አማርኛ የሚያስረዳ አንድ አባል አጠገቡ ይቆማል፣ ትእዛዞቹ ግን በእንግሊዝኛ እንዳሉ ይቀራሉ። ከተኩስ መስመር ውጪ ማንም ሽጉጥ አያወጣም፣ ሴፍቲ ኤሪያ (ባዶ ሽጉጥ የሚነካበት ቦታ) ላይ ጥይት አይነካም። ማህበሩ ሽጉጥም ጥይትም በስሙ አይዝም አይሸጥም፣ የሚገዛው የጆሮ መከላከያ፣ መነጽር፣ ታይመር፣ የብረት ቀለምና ቻምበር ፍላግ (ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ማሳያ) ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ስኳድ አራት ሰው ቀድሞ ደርሶ ብረት ያቆማል፣ አራት ሰው ቀርቶ ያነሳል። አራት ወር ያለ ደህንነት ስህተት የጨረሰ አባል የክለቡ አርኦ ካመነበት ወደ ሆልስተርና ወደ ዩኤስፒኤስኤ እንዲሸጋገር እንጠይቃለን።»

አርኦ የሆኑት ጋሼ፦
ጎርበጥበጥ ያለ ወይ ጉድጓድ ያበጀ ብረት አይተኮስበትም የሚል ጨምርበት፣ እርሳሱን ወደኛ ነው የሚመልሰው። በየቀኑ መጀመሪያ እኔ አያቸዋለሁ።

ነርሷ፦
የእጅ መታጠቢያውም ይግባ። ክለቡ ውሃ ከሌለው ጀሪካንና ሳሙና እኔ አመጣለሁ።

ወጣቱ አባል፦
ብረት የማቆሙን ቡድን እኔ ልያዝ፣ ፒካፕ አለኝ። ሁለት 22 ሽጉጥም አለኝ፣ ሩገር ማርክ 4 ነው፣ መግዛት የሚችል ግን ገና ያልገዛ ሰው እዛው ሬንጅ ላይ አጠገቡ ቆሜ ይተኩስበታል።

ገንዘብ ያዥ፦
የማዋሱን ነገር ክለቡን በጽሑፍ ጠይቁልኝ፣ ኢንሹራንሳቸው ይፈቅድ እንደሆነ። ለመነጽርና ለጆሮ መከላከያ ሶስት ቦታ ዋጋ ጠይቄ እስከ ሐሙስ አመጣለሁ።

ጸሐፊ፦
ሁሉንም አስገብቻለሁ። የኢንሹራንሱን ጥያቄ በመጨረሻው አንቀጽ ለብቻው አድርጌዋለሁ። ዓርብ ማታ ድረስ ተቃውሞ ካልመጣ ቅዳሜ ለክለቡ ጸሐፊ እልካለሁ፣ ጋሼ እንግሊዝኛውን ከመላኬ በፊት አንዴ ያንብቡልኝ።