«ብሉ መንደይ» የጆይ ዲቪዥንን ድምፅ ከዳው ወይስ አዳነው?

ባለሸክላው፦ እስኪ ዛሬ ይሄን እንነጋገርበት። የማንችስተሩ ባንድ የጆይ ዲቪዥን ዘፋኝ ኢያን ከርቲስ በሜይ 1980 ራሱን ካጠፋ በኋላ የቀሩት ሶስቱ ስም ቀይረው ኒው ኦርደር ሆኑ፣ እሺ ይሁን፣ መብታቸው ነው። ግን በ1983 «ብሉ መንደይ» የሚለውን ዘፈን ሲያወጡ ሌላ ሰው ሆኑብኝ። እኔ የጆይ ዲቪዥንን አልበም «ክሎዘር»ን ሌሊት ሌሊት እየሰማሁ ያደኩ ሰው ነኝ፣ እዛ ላይ ከበሮው ይተነፍሳል፣ «ብሉ መንደይ» ላይ ግን ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ማሽን ነው የሚደበድበን። ስቲቨን ሞሪስን የመሰለ ድራመር ተይዞ ለምን ማሽን?? ለዳንስ ቤት ብለው ሀዘናቸውን ሸጡት ባይ ነኝ።

ማርፈጃ፦ ሸጡት አትበል ወንድሜ። ጆይ ዲቪዥን ራሱ መች ከማሽን የፀዳ ነበር? ሞሪስ እኮ በ1979ኙ አልበም ላይም ኤሌክትሮኒክ ከበሮ ተጠቅሟል፣ ጊታሪስቱ በርናርድ ሰምነር ደሞ ያኔ ሲንተሳይዘር (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር ኪቦርድ) በገዛ እጁ ገጣጥሞ ይጫወት ነበር። አንተ ከምትወደው ከ«ክሎዘር» ላይ «አይሶሌሽን»ን ብቻ መልሰህ ስማው፣ ሲንተሳይዘሩም የማሽን ከበሮውም እዛው አለ። ከርቲስ እየዘፈነበት!

ባለሸክላው፦ አለ፣ አልካድኩም፣ ግን ከሰው ኋላ ነው ያለው። እዚህ ግን ሰውየው ነው ከማሽኑ ኋላ የሄደው።

ድምፀ ሌሊት፦ እኔን የሚገርመኝ ስለ 1981ዱ የኒው ኦርደር የመጀመሪያ አልበም ስለ «ሙቭመንት» ማንም አለማንሳቱ ነው። ያ አልበም እኮ ከርቲስ የሌለበት ጆይ ዲቪዥን ነው፣ ሰምነርና ቤዝ ተጫዋቹ ሁክ በከርቲስ ድምፅ ለመዝፈን ሲጥሩ መስማት ልብ ይሰብራል፣ እኔ እስካሁን ሙሉውን በአንዴ ጨርሼው አላውቅም። እነዚህ ልጆች እድሜ ልካቸውን ጥቁር ለብሰው መቀመጥ ነበረባቸው ወይ? ለውጡም ባንድ ቀን የመጣ አይደለም፣ ኒውዮርክ ሄደው ክለብ ውስጥ የሰሙት አለ፣ በዛው በ1981 «ኤቭሪቲንግስ ጎን ግሪን» የሚለው ዘፈን አለ፣ በ1982 «ቴምፕቴሽን» አለ፣ ደረጃ በደረጃ ነው የመጡት።

ባለቤዙ፦ ሁላችሁም የረሳችሁት የፒተር ሁክን ቤዝ ነው። በጆይ ዲቪዥን ጊዜ የሰምነር ጊታር ጩኸት ስለሚውጠው ነው ከፍ ባሉት ኖታዎች ላይ መጫወት የጀመረው፣ ከዛ መለያው ሆኖ ቀረ። «ብሉ መንደይ» ላይ ያ ሁሉ ማሽን እየተንደቀደቀ ቤዙ ከላይ ሲገባ ያው ሰውዬ ነው፣ ያው የማንችስተር ብርድ ነው። ቤዙን አውጡትና ስሙት፣ ያኔ ከባለሸክላው ጋር እስማማለሁ።

ማርፈጃ፦ ደሞ አንድ ነገር ልጨምር። የኒው ኦርደሯ ኪቦርድ ተጫዋች ጊሊያን ጊልበርት ሴኩዌንሰሩን (ኖታዎችን ይዞ በራሱ የሚያጫውተውን ማሽን) ስትሞላ እያንዳንዱን ኖታ ወረቀት ላይ ፅፋ ነበር፣ አንዷን ሳታስበው ዘለለችና ሜሎዲው ከከበሮው ጋር ሳይገጥም ቀረ። እንደዛው ተዉት! ያ ትንሽ መንገዳገድ የሰው እጅ ነው እንጂ የማሽን አይደለም።

ባለሸክላው፦ የጊሊያንን ታሪክ አላውቅም ነበር፣ ከልቤ ነው የምለው፣ ደግሜ እሰማዋለሁ። ግን የሰባት ደቂቃ ተኩል ሲንግል ሆኖ፣ እንግሊዝ ውስጥ በወጣው አልበም ላይ እንኳን ሳይገባ፣ ለክለብ የተሰራ ነው ብል ተሳሳትኩ?

ድምፀ ሌሊት፦ ለክለብ ነው፣ አዎ፣ ሃሲየንዳ የሚባለውን ክለብ ከሙዚቃ አሳታሚያቸው ጋር ሆነው በ1982 ማንችስተር ላይ የከፈቱት እኮ ራሳቸው ናቸው። ግን ለገበያ ቢሆን ኖሮ ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ በሚባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ሙዚቃ ፕሮግራም ላይ እንደሌላው ባንድ አፋቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው ይወርዱ ነበር። እምቢ ብለው በቀጥታ ተጫወቱት፣ ድምፁም ተበላሸባቸው። ቪዲዮውን ፈልገህ እየው፣ የሰምነርን ፊት ብቻ እየው፣ ከዛ ተመልሰህ ሀዘኑን ሸጧል ካልከኝ እንቀጥላለን።