ፒር ስትገዙ «መቼ ተለቀመ?» ብላችሁ ጠይቁ

ሲያትልና ፖርትላንድ ሆናችሁ ፒር የት ይሻላል ላላችሁኝ፣ ጥቆማዬ ይኸው። ቦታውን የሚወስነው የፒሩ ዓይነት ነው።

ባለፈው ሴፕቴምበር ከአንድ የገበሬዎች ገበያ አንጁ የሚባለውን የፒር ዓይነት ሙሉ ካርቶን ገዛሁ። ሻጩ «ትናንት የተለቀመ ነው» ሲለኝ ደስ አለኝ። ሁለት ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ጠበቅኩት። ቆዳው ተጨማደደ እንጂ አልለሰለሰም። ለካ አንጁ 60 ቀን ያህል ብርድ ካልመታው በወጉ አይበስልም! ትኩስ መሆኑ ነው የጎዳኝ።

ዛፉ ላይ ይብሰል ቢባልም አይሆንም። ፒር የሚበስለው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። ካልተለቀመ መሃሉ ይበላሻል፣ ሥጋውም አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። ስለዚህ ገበሬው ጥንካሬውን በመሣሪያ ይለካና ገና ጠጣር ሳለ ይለቅመዋል። አንጁ ከሆነ መሣሪያው ከ13 እስከ 15 ፓውንድ ግፊት ሲያሳይ ነው።

ባርትሌት የሚባለውን ሌላውን የፒር ዓይነት ለሚወድ ኦገስት ላይ በቀጥታ ከእርሻው መግዛትን የሚያህል የለም። ከፖርትላንድ አንድ ሰዓት ነድታችሁ ሁድ ሪቨር ሂዱ። ፍሩት ሉፕ የሚባለው የ35 ማይል መንገድ ዳርና ዳሩ የፍራፍሬ እርሻ ነው። ባርትሌት ቢጫ ሲል ብሉት።

አንጁን ግን ከዲሴምበር በኋላ ከሱፐርማርኬት እመርጣለሁ። ኦክስጅን በተቀነሰበት ብርድ ቤት፣ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ለወራት ይቆያል። እንዲቆይ ግን እርሻው ላይ በደንብ መያዝ አለበት። በጋውን ካልሲየም ያልተረጨ አንጁ ሥጋው ውስጥ ቡሽ የመሰለ ቡናማ ነቁጥ ሊያወጣ ይችላል። ናይትሮጅን የበዛበትም ብዙ አይቆይም። ከእርሻ ስትገዙ እነዚህን ጠይቁ። የሚመልስላችሁን ገበሬ ያዙት፤ እኔ ደንበኛዬን ያገኘሁት እንዲህ ነው።

ስማርትፍሬሽ የሚባለው ጋዝ የገባበት ፒርም አለ። ጋዙ ቆዳው እንዳይጠቁር ይረዳል። ግን ፍሬው፣ ሙዝም የሚያወጣውን ኤትሊን የሚባል የሚያበስል ጋዝ እንዳይቀበል ስለሚያደርግ፣ ከሙዝ ጋር ወረቀት ከረጢት ውስጥ ብትከቱትም ሊዘገይባችሁ ይችላል።

ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ ላልሽው እህቴ፦ ዛሬውኑ ግዢና ከፍሪጅ ውጭ አስቀምጪው። አንጁ ቢበስልም አረንጓዴ ነው፣ ቀለሙን አትጠብቂ። እንጨቱ ሥር፣ አንገቱን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው። ትንሽ ለስለስ ካለ ደርሷል።