ባለ ቢጫ ነጠብጣብ ሳላማንደርና ኒውት በዲሲ አካባቢ የት ይገኛሉ?

የልጆች አባት፦
ጤና ይስጥልኝ። ልጆቹ ጥቁር ገላ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበትን ሳላማንደር (እንሽላሊት የሚመስል፣ ቆዳው እርጥብ የሆነ የእንቁራሪት ዘመድ) በጫካው ማየት ይፈልጋሉ። በቀን ግንድ ብናገላብጥም የሚገኘው ጀርባው ቀይ የሆነው ቀጭኑ ሳላማንደር ብቻ ነው። የት እንሂድ? ኒውት የሚባለው የሳላማንደር ዓይነትስ?

ኩሬ ዳር፦
ወንድሜ፣ ባለ ነጠብጣቡ ዓመቱን ከሞላ ጎደል መሬት ውስጥ፣ ፍልፈልና አይጥ በቆፈሩት ጉድጓድ ነው የሚያሳልፈው። የሚወጣው በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች፣ ሙቀቱ ከ40 ፋራናይት በላይ ሆኖ ዝናብ በጣለበት ሌሊት ነው። የሚሄደውም ጫካ ውስጥ ወዳለ፣ ሰመር ላይ ወደሚደርቅ ኩሬ ነው። የሚደርቅ ኩሬ ዓሣ አይኖረውም፤ ዓሣ ካለ እንቁላሉንና ጫጩቱን ይጨርሳል። ስለዚህ ትልልቅ ሐይቅ ዳር አትድከም። በሮክ ክሪክ ፓርክና በፖቶማክ ወንዝ ጎን በሚሄደው በአሮጌው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳር እንዲህ ዓይነት ኩሬዎች አሉ።

ችግሩ ብዙ ፓርክ ሲመሽ ይዘጋል። ከልጆች ጋር የሚሻለው በማርች ሁለተኛ አጋማሽ በቀን ሄዶ እንቁላሉን መፈለግ ነው። ውሃ ውስጥ ባለ ቀጭን እንጨት ላይ የተጣበቀ፣ ቡጢ የሚያህል ዝልግልግ ነገር ታያለህ። እንቁላሎቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚሸፍን ወፍራም ሽፋን ካለው የሳላማንደር ነው፤ ሽፋን ከሌለውና ላዩ ጎርበጥ ጎርበጥ ካለ የእንቁራሪት ነው። አንዳንዱ ወተት ይመስላል፣ ተበላሽቶ አይደለም። እየቆየ አረንጓዴ የሚሆነው ደግሞ ውስጡ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር) ስለሚኖርበት ነው። ከውሃ አታውጡት፤ በክብደቱ ከእንጨቱ ይላቀቃል።

ሸናንዶዋ፦
ኒውት ይቀላል። ቆዳው መርዛም ስለሆነ ዓሣ ባለበት ኩሬም ይኖራል። ለልጅ የሚያምረው ገና ወጣት ሆኖ የብስ ላይ ሲኖር ነው፤ ደማቅ ብርቱካናማ ነው። ሰመር ላይ ዝናብ ካባራ በኋላ ቨርጂኒያ ባለው በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የእግር መንገዶች ላይ በቀን ሲሄድ ይገኛል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ የወይራ አረንጓዴ ሆኖ ውሃ ይገባል። የነካ እጅ ወደ አፍና ዓይን እንዳይሄድ፣ ወዲያው ይታጠብ።

የልጆች አባት፦
አንዱን ወደ ቤት ወስዶ ማሳደግስ?

ኩሬ ዳር፦
ከብሔራዊ ፓርክ መውሰድ በሕግ ክልክል ነው። መንካት ካስፈለገ እጅ በኩሬው ውሃ ይርጠብ፤ ሎሽንም የትንኝ መከላከያም አይኑርበት፣ ቆዳቸው ይመጠዋል። ግንድ ስታነሳ ወደ ራስህ አንከባልለው፣ እባብ ቢኖር በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ሳላማንደሩን ገለል አድርገህ ግንዱን እንደነበረ መልስ፣ ራሱ ተመልሶ ይገባል። ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት የቦት ጫማችሁን ጭቃ አራግፋችሁ አድርቁ፤ ቆዳቸውን የሚያጠቃ ፈንገስ በጭቃ ይተላለፋል።

ሸናንዶዋ፦
አገር ቤት ለምን አላየሁም ለምትሉ፣ ከሰሃራ በታች ሳላማንደር የለም።