ነገ ጠዋት ፈርም የተባልሁት የቡድን መሪነት ደብዳቤ፦ ትርፍ ሰዓቴ ይቀራልን?

የቃሉ ልጅ (ጠያቂ)፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የግል ፋብሪካ በኢኮኖሚስትነት እሠራለሁ። ዛሬ ከሥራ መውጫ ላይ «የዕቅድና ገበያ ጥናት ቡድን መሪ» የሚል የምደባ ደብዳቤ ተሰጥቶኝ ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፈርሜ እንድመልስ ታዝዣለሁ። ደመወዜ በ1,500 ብር ያድጋል፤ ነገር ግን «የሥራ መሪ ስለሆንህ ከእንግዲህ ትርፍ ሰዓት አይታሰብልህም» ተብያለሁ። ልፈርም ወይስ ልተው?

አይጠየፍ፦ ኢኮኖሚስቱ ስለ ገዛ ደመወዙ አገር ከጠየቀ፣ እኛ የታሪክ ምሩቆች ማንን እንጠይቅ?

ጦሳ፦ ነገሩ ከእውነተኛው ደመወዝ መጀመር ይኖርበታል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደመወዝተኛው በወረቀት እያደገ በገበያ እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ ይህ ገንዘብ ዕድገት ነው ወይስ የጠፋው የመግዛት አቅም ከፊል ምትክ የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት፤ የእኛ ሙያ ሰዎች የሌላውን ዋጋ ሲያጠኑ የራሳቸውን ዘንግተዋል።

ሐይቅ ዳር፦ ጦሳ፣ ሰውየው የሚፈርመው ነገ ጠዋት ነው። አብሽር ወንድሜ፤ አሁን ደመወዝህ ስንት ነው? ጭማሪው የተገለጸውስ ግብር ሳይቀነስ ነውን?

የቃሉ ልጅ፦ ሳይቀነስ ነው። አሁን ያልተጣራው 18,000 ብር ነው።

ሐይቅ ዳር፦ እንግዲያው ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢህ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ 35 በመቶ ግብር ይከፈልበታል። ከ1,500 ብር ላይ 525 ለግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 105 ለጡረታ ሲቀነስ እጅህ የሚገባው 870 ብር ነው። ደመወዝህን ለወሩ 208 ሰዓት ብናካፍለው፣ በአንድ ተኩል እጥፍ የሚታሰበው አንድ የቀን ትርፍ ሰዓት ከግብር በኋላ 84 ብር ገደማ ይሆናል። በወር ከአሥር ሰዓት በላይ የምታመሽ ከሆነ ሹመቱ ያከስርሃል።

መርሳ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ የተጣራውን አስላ።

ቦርከና፦ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም መነሻው ግን ስሕተት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሽፋኑ፣ ከትርፍ ሰዓት ክፍያም ጭምር፣ የሚያስወጣው የድርጅቱን የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ያለውን፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠውን ሰው ነው፤ «መሪ» የሚል መጠሪያ ብቻውን ማንንም የሥራ መሪ አያደርግም። ለመሆኑ ማንን መቅጠር ትችላለህ?

የቃሉ ልጅ፦ ማንንም። ቡድኑ እኔና አንዲት የመረጃ ሠራተኛ ነን።

አይጠየፍ፦ እንኳን ለሹመት አበቃህ!

ቦርከና፦ እንግዲያው ሠራተኛ ነህና ትርፍ ሰዓት ይገባሃል። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና የአሠሪ ውል) ወይም በሥራ ደንብ ካልሆነ በቀር የሥራ ውል የሚለወጠው በሁለታችሁ የጽሑፍ ስምምነት ስለሆነ፣ ነገ ጠዋት የመፈረም ግዴታ የለብህም። ሥልጣንህና ተግባርህ በዝርዝር እንዲጻፍልህ በደብዳቤ ጠይቅ፤ ግልባጩንም ያዝ። ያልተከፈለህ ትርፍ ሰዓት ካለም አትዘግይ፤ ክፍያው ከሚጠየቅበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ካለፈ በይርጋ (በሕግ የጊዜ ገደብ) ይታገዳል።

መርሳ፦ አለቃ በቃል «አምሽ» ያለውንስ በምን ያስረዳል? በእኛ መሥሪያ ቤት የሚጻፍ ትእዛዝ የለም።

ሐይቅ ዳር፦ የመግቢያና መውጫ ፊርማ ካለ እርሱን ፎቶ ያንሣ። የቃሉ ልጅ፣ እሑድም ትገባለህን? የዕረፍት ቀን በሁለት እጥፍ ስለሚታሰብ ከላይ የሰጠሁህ ስሌት ይለወጣል።