ጥቆማ፦ ማርቆስ ላይ ሲቪ አስተካክሎ የሚሠራ ቤት የምታውቁ?

የመንቆረር ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። በ2016 አካውንቲንግ ጨርሻለሁ፣ ኤግዚት ኢግዛሙንም አልፌያለሁ፣ ግን ስምንት ቦታ አመልክቼ አንድም ቦታ ለኢንተርቪው አልተጠራሁም እና ችግሩ ሲቪዬ ነው ብዬ እያሰብኩ ነው። አሁን ቡሬ ያለ አንድ ፋብሪካ ጁኒየር አካውንታንት በ0 ዓመት አውጥቷል፣ ማክሰኞ ይዘጋል። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካሉት ኮፒ ቤቶች አንዱ 150 ብር ብሎኛል፣ ባሕር ዳር ፔዳ አካባቢ ጓደኛዬ ያሠራበት ቤት 400፣ ቴሌግራም ላይ ያለ አንድ ልጅ ደሞ በአንድ ቀን 600። የቱ ይሻለኛል? የሞከራችሁ ንገሩኝ በሞቴ።

ዳሞት
ሌላ ቦታ አትድከም ወንድምአለም። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለችው የእህታችን ቤት ሂድ። እኔም ወንድሜም የአክስቴ ልጅም እሷ ጋ ነው ያሠራነው፣ እጇ ፈጣን ነው፣ መብራት ቢጠፋ እንኳ ጀነሬተር አላት።

ጮቄ
@ዳሞት የአክስትህ ልጅ ተቀጠረ?

ዳሞት
ገና ነው። ግን ሲቪው ያምራል፣ ባለቀለም ነው።

አባይ ማዶ
ኮፒ ቤት ስትሉ እኔን ያንገበግበኛል። ስሙን አልጠራም፣ አንድ ቤት 200 ብር ከፍዬ አሠራሁ፣ ሐምሌ 2015 ነው የተመረቅኩት፣ ልጁ እንግሊዝኛው ሲቪ ላይ 2015ን እንዳለ አስቀመጠው፣ እኔም ቸኩዬ ሳላየው ላክሁት። ኢንተርቪው ላይ ሰውየው «ከተመረቅሽ ስምንት ዓመት አልፎሻል፣ እስካሁን የት ነበርሽ?» ሲለኝ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ፣ ለካ እሱ በፈረንጅ ነው የቆጠረው። ያ አልበቃ ብሎ መጨረሻ ላይ «ከላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ከሚለው ሥር የሌላ ሰው ስም አለ! ከኔ በፊት የመጣውን ልጅ ፋይል ከፍቶ ስሜን ቀይሮ ነው የሠራልኝ ማለት ነው። ሥራው አመለጠኝ፣ እስከዛሬ ሳስበው እበግናለሁ።

ጮቄ
ውይ እታለም። እኔም ሲቪው ላይ የሌላ ሰው ሪፈረንስ ከነስልክ ቁጥሩ እንዳለ የቀረበት ልጅ አውቃለሁ። ገንዘብሽን መለሱልሽ?

አባይ ማዶ
ምኑን ይመልሳሉ፣ «አንቺ ነሽ ያላየሽው» አሉኝ።

ዳሞት
የእህታችን ቤት ቢሆን ይሄ አይፈጠርም ነበር።

ጥቁር ውሃ
ለፎቶ ከሆነ አደባባዩ ጋ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሐውልት አካባቢ ያሉት ፎቶ ቤቶች አሪፍ ናቸው፣ ጉርድ ፎቶ ወዲያው ነው የሚሰጡህ።

ጊዮን
ልጁ ሲቪ አለ እንጂ ፎቶ አላለም። አንዱ የአክስቱን ልጅ፣ አንዱ ፎቶ ቤት፣ እስከ ማክሰኞ የሠርግ አዳራሽም ትጠቁሙት ይሆናል።

የፍኖተ ሰላሟ
ተዉ እንጂ፣ ልጁ ጊዜ የለውም። ስማኝ ወንድሜ፣ እኔ የሰው ኃይል ክፍል ሠርቻለሁ፣ ብዙ ሲቪ በእጄ አልፏል። ከየትኛው ቤት እንደወጣ ማንም አይጠይቅህም። ችግሩ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፣ መቶ ሰው «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫና የምቋቋም» ብሎ ይጽፋል፣ እኛም ያንን መስመር ዘለን ነው የምናነበው። አፓረንት (ለሥራ ልምምድ) የወጣህበትን ጻፍ። «ሁለት ወር የግዢ ደረሰኞችን ኤክሴል ላይ መዝግቤያለሁ፣ የወሩ የቫት ዲክላሬሽን ሲዘጋጅ አግዣለሁ» ብትል እኮ ዓይኔ እዛ ላይ ይቆማል፣ ያደረግከውን ብቻ ነው ታድያ፣ ያልነካኸውን የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ፒችትሪን፣ እችላለሁ እንዳትል፣ ቁጭ አርገው ያስከፍቱሃል። ማስታወቂያውን አጠገብህ አርገህ አንብበው፣ ስቶክ ካለ ስለ ስቶክ የምታውቀውን ወደ ላይ አምጣው፣ ለስምንቱም ቦታ አንድ ሲቪ ከላክህ ያለመጠራትህ አይገርመኝም። 0 ዓመት ላለው ሰው አንድ ገጽ ይበቃል። ሃይማኖት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የአባትና የእናት ስም ምንም አይጨምሩልህም።

አባይ ማዶ ያለችው የዓመቱ ነገር ትልቅ ነው። እንግሊዝኛ ሲቪ ላይ ሁሉንም በፈረንጅ አርገው፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ትደምራለህ፣ ከዛ በኋላ 8። ሐምሌ 2016 ማለት 2024 ነው። የስምህ ስፔሊንግም ቴምፖህ (ጊዜያዊ ዲግሪህ) ላይ፣ ፋይዳህ ላይና ሲቪህ ላይ አንድ ይሁን።

ጊዮን
ይሄ ነው መልስ። እኔ የምጨምረው በፒዲኤፍ ላከው፣ በተለይ አማርኛውን። ድሮ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ዎርድ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ነው የሚሆነው። ዩሮፓስ የሚባለው የሲቪ መሥሪያ ድረ ገጽም ነጻ ነው፣ ትሞላለህ ፒዲኤፍ ታወርዳለህ፣ 600 ብሩ ኪስህ ይቀራል። ካንቫ ላይ ያሉት ሁለት ዓምድ ያላቸው የሲቪ ዲዛይኖች ያምራሉ ግን ሲቪን በሶፍትዌር የሚያጣሩ ድርጅቶች ጋ ጽሑፉ ሊደበላለቅ ይችላል።

ጮቄ
የፍኖተ ሰላሟ፣ እኔ ሁለት ዓመት የግል ሱቅ ሒሳብ ሠርቻለሁ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ ግብር መከፈሉ አልተጻፈም፣ ይያዝልኛል?

የፍኖተ ሰላሟ
ብዙ ማስታወቂያ ላይ «ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት» ይላል፣ ስለዚህ አሠሪህ ግብሩን ከፍሎ ከሆነ ማስረጃውን አጽፈው። ሲቪው ላይ ግን ልምድህን ከመጻፍ ወደኋላ አትበል።

የመንቆረር ልጅ
በጣም ነው ማመሰግናችሁ፣ በተለይ እህታችንን የፍኖተ ሰላሟን። አሁን ሳየው የኔም እንግሊዝኛ ሲቪ ላይ 2016 ነው የሚለው፣ ስምንቱም ቦታ እሱን ነው የላክሁት 😢። ስሜም ቴምፖው ላይ አንድ ፊደል ይለያል። አፓረንት የወጣሁት ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ፋይል ስናደራጅ ነበር፣ እሱንም ልጻፈው?

የፍኖተ ሰላሟ
ጻፈው እንጂ! የምን ፋይል፣ የስንት ወር፣ በምን ቅደም ተከተል አደራጀኸው? የክፍያ ሰነድ አደራጅቶ የሚያውቅ ሰው ኦዲት ሲመጣ ይፈለጋል። ስሙን ደሞ ሲቪህን ቴምፖው ላይ እንዳለው አርገው፣ ኦርጅናልና የማይመለስ ኮፒ አምጣ ሲሉህ የሚያስተያዩት ከሱ ጋር ነው።

ዳሞት
ለማተምም ቢሆን የእህታችን ቤት እሑድም ክፍት ነው።

አባይ ማዶ
ስታትም መጨረሻ ላይ ያለውን ስም እይ ወንድሜ፣ አደራ።

ጥቁር ውሃ
ማክሰኞ አለፈ፣ የት አሠራኸው በመጨረሻ?

ጮቄ
እኔም ልጠይቅ ነበር። ያ ቴሌግራም ላይ ያለው ልጅ የሥራ ልምድ ደብዳቤም ያጽፋል ወይ?