የጃቫ ሲስተማችንን በፓኬጅ ለመጫን፦ የጋራ ፕሮፖዛል ውይይት

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን አባላት። ባለፈው ሐዋሳ ስንሰበሰብ ያሳደርነው አጀንዳ ይኸው። ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የሠራነው የጃቫ ሲስተም በፍላሽ እየዞረ መጫኑ ይቅር፤ ሰርቨሮቻችን ላይ ባለው የሊኑክስ ዓይነት በዴቢያን እንደ ማንኛውም ፕሮግራም በአፕት፣ ማለትም ፓኬጆችን አምጥቶ በሚጭነውና በሚያድሰው መሣሪያ፣ ይጫን የሚል ነው። አሁን ፒያሳ ቢሮ ያለው ቨርዥን አቶቴ ቢሮ የለም። የቱ የት እንዳለ የሚያውቀው የጫነው ሰው ብቻ ነው። እሱ ሥራ ከለቀቀ አለቀ። የጎደለውን ሙሉ፣ ያልተዋጠላችሁን ተናገሩ።

የሰርቨር ባለሙያ፦ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ግን ዋር ፋይሉን፣ ሲስተሙ በሙሉ የታሸገበትን የጃቫ ፋይል፣ ጠቅልለን ብንልክ ፓኬጅ ሠራን ማለት አይደለም። ፓኬጁ የሚያስፈልገውን ራሱ መናገር አለበት። የጃቫ ዌብ ሲስተም የሚያስኬደው ሰርቨር ቶምካት ነውና፣ «ቶምካት 10 እና ጃቫ 17 እፈልጋለሁ» የሚል ከተጻፈበት አፕት አብሮ ያመጣቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ዴቢያን 12 የሚያቀርበው የቶምካት ሰርቨር 10 ነው፤ የኛ ኮድ የተጻፈው ለ9 ነው። ከ10 ጀምሮ ኮዱ የሚጠራቸው የጃቫ ክፍሎች ስም ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ስለተቀየረ የድሮው ዋር እንዲሁ አይነሳም።

ፕሮግራመር፦ ኮዱን መቀየር ጊዜ ይፈልጋል እህቴ። ቶምካትን የሚሠሩት አፓቼዎች ያወጡት ስሞቹን መቀየሪያ መሣሪያ አለ፣ ዴቢያን ውስጥም ገብቷል። ፓኬጁ ሲገነባ ዋሩን በሱ እናሳልፈው። ለመሸጋገሪያ ይበቃል።

የሰርቨር ባለሙያ፦ ለመሸጋገሪያ እሺ፣ ግን ማብቂያው ቀን ረቂቁ ላይ ይጻፍ። ሌላም አለ። ዴቢያን ቶምካትን በሲስተምዲ፣ ሰርቪሶችን አስነስቶ በሚቆጣጠረው የሊኑክስ ክፍል፣ አጥሮታል። ከዌብአፕስና ከሎግ ፎልደሮቹ፣ ከጥቂት ሌሎችም በቀር የትም መጻፍ አይችልም። የኛ ሲስተም የአባላትን ፎቶና ስካን የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ነው። የፎልደሩ ባለቤት ቶምካት ቢሆንም «ለማንበብ ብቻ» ብሎ ይመልሳል። ሰው ግራ ሲገባው ለሁሉም ፈቃድ ይከፍታል፤ ያም አይፈታውም፣ ሰነዱን ማጋለጥ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው ለሲስተምዲ ያንን ፎልደር ለይቶ የሚፈቅድ ትንሽ ፋይል ነው። እሱን ፓኬጁ ይዞት ይምጣ።

ከቁጠባ ማኅበር የመጣች አባል፦ እኔ የምጠይቀው ስለ ተጠቃሚው ነው። አንድ ጊዜ ሲስተሙ ሲታደስ ያስተካከልነው ሁሉ ጠፍቶ፣ ቆጣቢው መስኮት ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ዋለ። አዲሱ አሠራር ይህን ያስቀራል? መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ? ኔትወርክ ከሌለስ?

የሰርቨር ባለሙያ፦ የመጀመሪያውን ያስቀራል፣ ግን ሥራ አለብን። ኮንፊጉ፣ ማለትም የየቢሮው ማስተካከያ ፋይል፣ ከዋሩ ውስጥ ወጥቶ ሊኑክስ ኮንፊግ በሚያስቀምጥበት ፎልደር ኢቲሲ ስር መቀመጥ አለበት። እዚያ የተመዘገበ ፋይል አንቺ ካስተካከልሽው ዝም ብሎ አይደመሰስም። አዲሱ ቨርዥንም ፋይሉን ከቀየረው የትኛው ይቀመጥ ብሎ ይጠይቃል። የዳታቤዝ ፓስወርድ ግን ጨርሶ ፓኬጁ ውስጥ አይግባ፣ ሲጫን እዚያው ይፈጠር። መብራት ከሄደ፣ ከአፕት ስር ሆኖ ፓኬጁን የሚጭነው ዲፒኬጂ የት እንደደረሰ መዝግቧል፤ ሲመለስ በአንድ ትእዛዝ ካቆመበት ይቀጥላል። ኔትወርክ በሌለበት ፍላሹን አልጠላም። ሙሉ ሪፖዚተሪው፣ አፕት ፓኬጅ የሚያመጣበት ማከማቻ፣ በፍላሽ ሊሄድ ይችላል። ዲጂታል ፊርማ ስላለው መንገድ ላይ የተነካካ ፋይል ካለ አፕት አይቀበለውም።

ፕሮግራመር፦ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ዳታቤዙ ነው። አፕት ፕሮግራሙን ወደ ቀድሞው ቨርዥን ሊመልስ ይችላል። የተቀየረ የዳታቤዝ ሰንጠረዥ ግን እንደተቀየረ ይቀራል። የሰው ገንዘብ ነውና እዚህ ላይ አንቸኩል። ሁለት ነገር ይጻፍልኝ። አዲሱ ከመዘርጋቱ በፊት ባክአፕ ይወሰድ፤ ባክአፑ ካልተሳካ የፓኬጁ ስክሪፕት እድሳቱን ያቁም። ደግሞ በአንድ ቨርዥን ዓምድ መጨመር እንጂ መሰረዝ አይፈቀድ። የሚሰረዘው ቀጣዩ ቨርዥን ላይ፣ የድሮውን የሚጠቀም ቢሮ አለመኖሩ ሲረጋገጥ ይሁን።

ነባር አባል፦ ልጆቼ፣ ስለ ጃሮቹ፣ ሲስተማችን ስለሚጠቀምባቸው የጃቫ ላይብረሪ ፋይሎች፣ ማንም አላነሳም። ዴቢያን ራሱ እያንዳንዱን ላይብረሪ ለየብቻ ነው ፓኬጅ የሚያደርገው። እኛ ሁሉንም ዋሩ ውስጥ እንጨምራለን። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሎግፎርጄ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ሲወጣ የዴቢያንን ላይብረሪ የሚጠቀም በአፕት አደሰና ተገላገለ። ዋሩ ውስጥ የያዘው ግን አንድ በአንድ እየከፈተ መፈለግ ነበረበት። አፕት ሰርቨሩን አድሶ «ሁሉም ደህና ነው» ሲል የኛ ዋር ሆድ ውስጥ አሮጌው ይቀመጣል።

ፕሮግራመር፦ ጋሼ ልክ ነዎት። ግን የምንጠቀማቸው ላይብረሪዎች ሁሉ ዴቢያን ውስጥ የሉም፤ ያሉትም ቨርዥናቸው ይለያያል። ሁሉንም እኛ ፓኬጅ እናድርግ ካልን ዋናው ሥራ ይቆማል።

ነባር አባል፦ ከሆነ ይቆዩ። የጃሮቹ ስምና ቨርዥን ግን ከእያንዳንዱ ፓኬጅ ጋር ተዘርዝሮ ይውጣ። ዝርዝሩን በየሳምንቱ ከደኅንነት ማስታወቂያዎች ጋር የሚያስተያይ ሰው በኃላፊነት ይመደብ። ሰው ካልተመደበለት ይህን ፕሮፖዛል አልፈርምም።

ጸሐፊ፦ ገብቷል ጋሼ። የቀረው ሪፖዚተሪው የሚፈረምበት ቁልፍ ነው። አንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ቢቀመጥ የተነሳንበት ችግር ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

የሰርቨር ባለሙያ፦ ሁለት ሰው ይያዘው፤ ፓኬጅ የሚገነባው ማሽን ላይም አይቀመጥ። ሪፖዚተሪውም ሁለት ይሁን፣ የሙከራና የጸደቀ። ወደ ጸደቀው የሚያልፈው አንድ ቢሮ ላይ የወር መዝጊያ ሒሳብ በሰላም ካለፈ በኋላ ነው።

ከቁጠባ ማኅበር የመጣች አባል፦ ሙከራው እኛ ጋ ይሁን። ሒሳብ ሹማችንን አነጋግራለሁ። ግን አርብ ከሰዓት እንዳታድሱ፣ ቅዳሜ ገቢ የምንሰበስብበት ቀን ነው።

ጸሐፊ፦ ይጻፋል። ለጃር ዝርዝሩና ለሁለተኛው ቁልፍ ያዥ እጩ እስከ ረቡዕ እዚሁ ጠቁሙ።