የኩላሊት ሕመም ላለበት ውሻ ምን ይሰጠው? አጥንቱ ይቁም ወይስ ሥጋውም ጭምር?

ታቦር ሰፈር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ውሻዬ 9 ዓመቱ ነው፣ 20 ኪሎ ይመዝናል። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ተብሏል። የደም ውጤቱ ክሬያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያስወጣው ቆሻሻ) 3.1፣ ፎስፈረስ 6.8 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፣ ካልሲየሙ ደህና ነው። ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ሽንቱ ነጥቷል፣ ከስቷል፤ ግን ይበላል፣ አያስመልሰውም። ምግቡ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚመጣ የዓሣ ጭንቅላት፣ ከሥጋ ቤት ሳንባና አጥንት፣ አንዳንዴም የቤት ትርፍራፊ ነበር። ለኩላሊት ተብሎ የሚሸጠውን የታሸገ ምግብ ሐዋሳ ውስጥ አላገኘሁም። አንዱ «ሥጋ የሚባል አታሳየው፣ ሩዝ ብቻ ስጠው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «መረቅ ያበረታዋል»። ሌሊት እየተነሳ ስለሚሸና ማታ ውሃውን ላንሳበት? በግራም የምታውቁ ንገሩኝ።

ባለ ነጭ ጋዋን፦
ከውሃው ልጀምር፤ በፍጹም እንዳታነሳበት። የታመመ ኩላሊት ሽንትን ማወፈር አይችልም፤ ስለዚህ የሚጠጣው የወጣበትን ለመተካት ነው። አንድ ሌሊት ውሃ ካጣ ክሬያቲኒኑ ጠዋት ሌላ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ በሐዋሳ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ማታ ዘግየት ብለህ አስወጣው፣ ውሃው ግን እዚያው ይቀመጥ።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ ክሬያቲኒን 3.1 የኩላሊት ሕመሙ ሦስተኛ ደረጃ ነው (ከ2.9 እስከ 5.0 ያለው)። በዚህ ደረጃ ፎስፈረስ ከ5.0 በታች እንዲወርድ ይፈለጋል፤ ያንተ 6.8 ነው። ኩላሊቱን ቶሎ የሚጨርሰው ይኸው ነው። አጥንት ማለት ካልሲየምና ፎስፈረስ ነው፤ የዓሣ ጭንቅላትም አብዛኛው አጥንት ነው። ሁለቱም ከዛሬ ጀምሮ ይቁሙ። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ሳንባ፣ አይብና ወተትም ይቅሩ። መረቁ፣ በተለይ የአጥንቱ፣ ፎስፈረስና ጨው የተጠራቀመበት ስለሆነ አያበረታውም። ትርፍራፊው ደግሞ ጨውና በርበሬ ብቻ ሳይሆን ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ የኩላሊት በሽተኛ ደግሞ ድሮም ደም ያንሰዋል።

ሥጋን ጨርሶ መከልከል ግን ስህተት ነው። ፕሮቲን ሲያጣ የገዛ ጡንቻውን ይበላል፤ ዩሪያ የተባለው የፕሮቲን ቆሻሻም ደሙ ውስጥ በዚያው ይጨምራል።

ለ20 ኪሎ ውሻ የአንድ ቀን፦ 180 ግራም ነጭ ሩዝ (ሲበስል 500 ግራም ገደማ ይሆናል)፣ 100 ግራም ጮማ ያለበት የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ የሦስት እንቁላል ነጭ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት። ይህ ወደ 1,000 ኪሎ ካሎሪና 40 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፤ ፎስፈረሱ ከ400 ሚሊ ግራም አይበልጥም። የእንቁላሉ ነጭ እዚህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ ከ3 ግራም በላይ ጥሩ ፕሮቲን ሲኖረው ፎስፈረሱ 5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አስኳሉ ግን 65 አካባቢ ስለሚይዝ ለቤተሰቡ ይሁን። ነጩ የግድ ይብሰል፤ ጥሬው ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ይይዝበታል።

ሥጋውን በብዙ ውሃ ቀቅለህ ውሃውን ድፋው፤ ከፎስፈረሱ የተወሰነው አብሮ ይወጣል። ጨው የለም። ቅርፊቱን አፍልተህ፣ አድርቀህ፣ በሙቀጫ ወቅጠህ በወንፊት ንፋው፤ እንደ አሸዋ የሚሻክር ከሆነ አልደቀቀምና መልሰህ ውቀጠው። ግማሽ ማንኪያው ወደ 1 ግራም ካልሲየም ነው። ቅርፊቱ አጥንትን የሚተካው ያለ ፎስፈረስ ነው፣ ለዚህ ነው የተመረጠው። የደሙ ካልሲየም ከፍ ያለ ውሻ ግን አይሰጠው።

አዲሱን ምግብ ከአሮጌው ጋር እያቀላቀልክ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ አስገባ፤ ማደባለቂያው ያለ አጥንት ሥጋ ይሁን። በቀን ሦስት ጊዜ ከፋፍለህ ለብ አድርገህ ስጠው። ይህ ምግብ ዚንክ፣ መዳብና ቢ ቫይታሚኖች ይጎድሉታል። ስለዚህ ሐኪሙ ማሟያ ይጻፍለት። የሰው ሁለገብ ቫይታሚን ዝም ብለህ አትግዛ፤ ብዙዎቹ ቫይታሚን ዲና ፎስፈረስ አለባቸው።

መድኃኒት ቤት ጥግ፦
ከላይ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። ምግቡ ተስተካክሎ ከ4 ሳምንት በኋላም ፎስፈረሱ ከ5.0 ካልወረደ ፎስፈረስን አንጀት ውስጥ የሚይዝ መድኃኒት ይጨመራል። የተለመደው አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ መነሻው በቀን ለአንድ ኪሎ 30 ሚሊ ግራም ነው። ላንተ ውሻ በቀን 600 ማለት ነው፣ በየማዕዱ 200። ከምግቡ ጋር ይደባለቃል፤ በባዶ ሆድ ከተሰጠ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ትርፉ የሆድ ድርቀት ነው።

ጉዳቱ ያለው ግዢው ላይ ነው። መድኃኒት ቤት «የጨጓራ ሽሮፕ» ስትል የሚሰጥህ ብዙ ጊዜ ማግኒዚየም የተቀላቀለበት ነው፤ የታመመ ኩላሊት ማግኒዚየምን ማስወጣት ስለሚያቅተው ይጠራቀማል። ጠርሙሱን አዙረህ አንብብ፣ ማግኒዚየም ካለበት መልስ። ለሕመም ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የምትሰጡም አላችሁ፤ ለኩላሊት በሽተኛ ውሻ መርዝ ነው።

ታቦር ሰፈር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቆሮሶ ርካሽ ስለሆነ በበሬው ፈንታ የዓሣውን ሥጋ ብሰጠውስ? ሩዙን በእንጀራ ብቀይረውስ?

ባለ ነጭ ጋዋን፦
ቆሮሶው ይሆናል፤ ያው 100 ግራም፣ አጥንቱ ተለቅሞ፣ ተቀቅሎ። ሥጋው ስብ ስለሌለው ዘይቱን ሌላ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨምር፣ አለዚያ መክሳቱ ይቀጥላል። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ እያልክ፤ ሰገራው ከቀጠነ ቀንስ። እንጀራውን ተወው፤ ጤፍ ከነጭ ሩዝ እጅግ የበለጠ ፎስፈረስ አለው።

የሽንት ፕሮቲንና የደም ግፊቱን አስለካ፤ ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ካለ የሥጋው መጠን እንደገና ይታያል። ደሙን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ አስደግም፤ ከዚያ በፊት 12 ሰዓት ምግብ ሳይበላ፣ ውሃ ግን እየጠጣ።

ምግብ ካስጠላው ወይም ካስመለሰው በግድ አታጉርሰው፤ ምግቡን ከማቅለሽለሹ ጋር ያያይዘውና ከዳነም በኋላ አይነካውም። መጀመሪያ የማቅለሽለሹ መድኃኒት ይሰጠው። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላ፣ ወይም አፉ ሽንት ሽንት ከሸተተ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ክሊኒክ ውሰደው።